ፈንቴና በመሀል የሚመጣው ዘፈን

ሽንፋ በምትባለው የቆላ ከተማችን ዘፈን የሚጠላ ሰው ይፈለግ ቢባል ፈንቴን የሚጠራ አንድም ሰው አይገኝም ነበር። ፈንቴ እኔም በምሠራበት የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ ዘፈኑንም አብሮ ያስነሳል፤ አመሻሽ ላይ ካምፕ ሲገባ ሁለቱም አንድ ላይ ጸጥ ይላሉ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ፣ የሞተሩ ድምፅ ሳይደርሰኝ ዘፈኑ ቀድሞ ይደርሰኝና የመካኒክ መፍቻዎቼን መሰብሰብ እጀምራለሁ። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም። በአጨዳ ወቅት ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት ሠራተኞች እንኳ፣ የራሳቸው የዘፈን አውራጅ እያላቸው፣ "ያን የትራክተሩን ሰው ጥሩልን" ይላሉ። እሱ ዜማውን ሲያነሳላቸው ማጭዱ በእጃቸው ይቀላል።

ይኸው ሰው ግን ሙዚቃዊ ቲያትር ሲያይ ቁንጫ እንደገባበት ሰው መቀመጫ ያጣል። ይህን ያወቅነው በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ነው።

ያኔ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ቆሟል። ከጎንደር የመጣ የኪነት ቡድን ሠራተኛውን ሊያዝናና እርሻችን ደረሰ። መድረኩ መጋዘኑ ውስጥ ተሠራ፤ የሰሊጥ ጆንያ ተደርድሮ፣ በላዩ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ሸራ። ሕዝቡ መሬቱን ሞላው። እኔና ፈንቴ ከፊት ነበርን። እሱ ቲያትር ሲያይ የመጀመሪያው ስለነበር ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነው የመጣው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ታሪክ ነበር። ተዋናዩ ጎበዝ ነው። ሲያርስ የምር የሚያርስ ይመስላል፤ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ የጎረቤታችን ሰው ይመስላል። ፈንቴ አፉን ከፍቶ ያያል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይኸ ሰው በእውነት ገበሬ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ የባላባቱ አሽከሮች መጡ፤ በሬውን ፈትተው ይነዱ ጀመር። በሬው ሁለት ሰዎች የቆዳ ምንጣፍ ተከናንበው የሠሩት ነበር፤ ቀንድ ሁሉ አለው። ፈንቴ ጡጫውን ጨበጠ። ጭሰኛው አሽከሮቹን ይከተላል፣ ይታገላል፣ ወይ ይለምናል ብለን ስንጠብቅ ወደ እኛ ዞረ፤ አኮርዲዮኑ ተነሳ፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፦

በሬዬን ወሰዱት፣ ከነቀንበሩ፣
በምን ልረስ እኔ፣ ሲዘንብ በሀገሩ፣

እያለ መዝፈን ያዘ። ሚስቱ ከጀርባው ትቀበላለች። ትከሻቸውም ይነቃነቅ ጀመር።

ፈንቴ መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፤ እሱ ያየውን ሌላ ሰውም አይቶ እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። ከዚያ ተነስቶ ቆመ።

"አንተ ወንድም" አለ፣ በማሳ ውስጥ ከሩቅ ሰው በሚጠራበት ድምፁ፣ "በሬህ እየሄደ ነው እኮ።"

መጋዘኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። በሬ የሆኑት ሁለት ሰዎች ከቆዳው ሥር ሲስቁ ቀንዱ ይንቀጠቀጣል። ጭሰኛው ለመዝፈን ይሞክራል፣ ሳቁ ይቀድመዋል። እንደ ምንም ቲያትሩ አለቀ። ፈንቴ ግን አላፈረም፤ ያፈረው ለጭሰኛው ነበር። ወደ ካምፕ ስንመለስ "ጀርባዬን በላኝ፣ ሰቀጠጠኝ" አለኝ። "ሰው ራቁቱን መንገድ ላይ ሲሄድ ያየሁ ያህል ነው የከበደኝ።"

"አንተ ራስህ ቀኑን ሙሉ እየዘፈንክ?"

"እኔ ስዘፍን እየዘፈንኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ሰው ግን አያውቅም። ሚስቱም አታውቅም። አጠገቡ የቆሙት እንኳ 'ምነው፣ ምን ሆነህ ትዘፍናለህ?' አይሉትም። ጤነኛ ሰዎች ናቸው?"

በማግስቱ የእርሻው ካድሬ አስጠራው። ጓድ ዘሩ ይባላል፤ ቁጣው ቶሎ የሚነሳ፣ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። ፈንቴ ሲገባ ፊቱን አኮሳትሮ ጠበቀው።

"ጓድ ፈንቴ፣ ከጎንደር ድረስ ለመጡ እንግዶች የምናደርገው አቀባበል ይኸ ነው?"

"ጓድ፣ እኔ ለበሬው ፈርቼ ነው።"

ጓድ ዘሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ፈንቴ በኋላ ነግሮኛል። ሲመለስ ድምፁን አስተካክሎ ፍርዱን ሰጠ። እርሻችን የራሱን የኪነት ቡድን ያቋቁማል፤ በጥር ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ውድድር አለ፤ ፈንቴም በድምፁ ይሳተፋል።

"ዘፈን ከሆነ እዘፍናለሁ" አለ ፈንቴ።

"ሙዚቃዊ ቲያትር ነው" አለ ጓድ ዘሩ።

ፈንቴ ከቢሮው ሲወጣ የተቀጣ ሰው ይመስል ነበር።

የቡድናችን መሪ አዛናው ነበር፣ የመጋዘኑ ኃላፊ። አዛናው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር እጆቹ የማያርፉ ሰው ነው። ጎንደር ተማሪ ሳለ ቲያትር አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ቁጣ አያውቅም፤ ሲከፋው እንኳ "እንደገና እንሞክረዋ" ነው የሚለው። ድራማውን ራሱ ጻፈው። ከደጋ ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርዱ ባልና ሚስት ናቸው። መንገድ ላይ ሚስትየዋን ወባ ይጥላታል። ባልየው አጠገቧ ተንበርክኮ ረጅም ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑ ሲያልቅ የኅብረት እርሻው ትራክተር ይደርስና ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። ባልየው ፈንቴ ሆነ። ትራክተር ነጂውን አዛናው ራሱ ሊጫወተው ወሰነ፤ ከካርቶን ትራክተር ሠርቶ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ውስጡ ገብቶ በእግሩ እየሄደ። ፈንቴ "ትራክተሩን ለእኔ ስጠኝ፣ ባልየውን አንተ ሁን" ብሎ ቢለምነው "ድምፅ የለኝም" ብሎ እምቢ አለ። እኔ ክራር እመታ ስለነበር ክራሩ ለእኔ ደረሰ።

ሚስትየዋ ባንቺአየሁ ነበረች።

ባንቺአየሁን እርሻው ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ከበለሳ ከወንድሟ ጋር ለአንድ አጨዳ ወርዳ፣ ወንድሟ ሥራ ስላገኘ እሷም ሰሊጥ ከሚያበጥሩት ሴቶች ጋር ቀረች። ሰሊጡን ወደ ላይ ስትበትን፣ ንፋሱ ገለባውን ሲወስድላት፣ በወሬዋ ዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ ታስቃለች። የጎንደሩ ቡድን በመጣ ጊዜ ደግሞ ከመጋዘኑ ከሁሉ በኋላ የወጣችው እሷ ነበረች። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ እንደዚያ ያለ ነገር ብታይ እንደማይሰለቻት ተናግራለች። ስለዚህ በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ፈንቴን ስታየው ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም።

"በሬህ ሄደ ያልከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዘፈኑን አበላሸህብኝ። ከመሀሉ ነው የቀረብኝ።"

"እኔ ደግሞ ወሬውን ነው ያበላሹብኝ። ከመሀሉ ነው የቀረብኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዱ ሁሉ ክርክር ሆነ። ከሥራ መልስ፣ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ መጋዘኑ ደጃፍ እንሰበሰባለን። አዛናው "ዘፈኑ ሲጀመር ጊዜ ይቆማል" እያለ ያስረዳል። "ሰውየው የሚዘፍነው በልቡ ነው። በሬውም ባለበት ቆሟል ብለህ አስበው።"

"እግር አለው እኮ" ይላል ፈንቴ።

ባንቺአየሁ ደግሞ በሌላ በኩል ትመጣበታለች። "ሰው ቃል ሲያልቅበት ነው የሚዘፍን። አንተ ቃል ሲያልቅብህ ምን ታደርጋለህ?"

"ዝም እላለሁ።"

"ስትደሰትስ?"

"ስደሰት እዘፍናለሁ። 'ደስ ብሎኛል' ብዬ ለሰው እየነገርኩ ሳለ ግን በመሀል ዘፈን አልጀምርም። ወይ መናገር፣ ወይ መዝፈን።"

አንድ ቀን ግን ሰውየውን ዝም አሰኘችው። "አባትህ የሞቱ ጊዜ አልቃሽ አልመጣችም? ሙሾ አላወጣችም? ያን ጊዜ 'ምነው ትዘፍኛለሽ' አልካት?" አለችው። የፈንቴ አባት ከሁለት ዓመት በፊት ነበር ያረፉት፤ በዚያ ለቅሶ ላይ የወጣው ሙሾ እስካሁን ይወራል። ፈንቴ ድርሻውን በለሆሳስ ተናግሮ ወደ ካምፑ ሄደ። በማግስቱም ትራክተሩ ያለ ዘፈን ገባ፤ ጋራዥ ያለን ሰዎች ሞተሩ የታመመ መስሎን ወጥተን አየን።

በሦስተኛው ቀን ልምምዱ ሳይጀመር በቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። ሰሊጥ ከምታበጥርበት ቆማ ነበር፤ ፀጉሯና ሽፋሽፍቷ ገለባ ለብሷል።

"ባንቺአየሁ፣ መልሱን አገኘሁት" አላት። "አልቃሿ ስታለቅስ አባቴ ሞቶ ነበር። ምንም የሚደረግ ነገር አልቀረም። በሬው ግን ገና እየሄደ ነው፣ ይደረስበታል። ሰው የሚያደርገው ነገር እያለው ሲዘፍን ነው እኔን የሚያመኝ።"

ባንቺአየሁ ወንፊቱን አወረደች። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ክራሬን እቃኝ ነበርና ፊቷን አይቻለሁ። ልትስቅበት አፏን ከፍታ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ሁለት ቀን ሙሉ ይኼን ነው ያሰብክ?"

"ይኼን ነው።"

"ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር አለው ብለህ ነው? አንዳንዱ ከመዝፈን በቀር ምንም የለውም።"

"ሊሆን ይችላል" አለ ፈንቴ። "እኔ ስለ ራሴ ነው።"

ከዚያ በኋላም ክርክሩ አልቆመም፤ ግን ጣዕሙ ተለወጠ። እሷ ከሌሎቹ ቀድማ ትመጣለች። እሱ ነጭ ሸሚዙን ለልምምድ መልበስ ጀመረ። አዛናው ምንም አላየም፤ ያን ጊዜ የትራክተሩ ጎማ ክብ አልሆን ብሎት ከካርቶን ጋር ይታገል ነበር።

የፈንቴ ዘፈን ግን አልሆነም። ዜማውን ብቻውን ሲያወጣው የሚያስለቅስ ነው። ባንቺአየሁ መሬት ተኝታ፣ ዓይኗን ከድና፣ "ውሃ" ብላ ካቃሰተች በኋላ ግን አንደበቱ እንጨት ይሆናል። "እንደገና እንሞክረዋ" ይላል አዛናው። እንደገና ይሞከራል። በመጨረሻ ከረጅሙ ዘፈን ሁለት ስንኝ ብቻ ቀርቶ ሌላው ተሰረዘ። ፈንቴም ለአዛናው አዝኖ "እሺ፣ ለአንተ ስል እዘፍናታለሁ" አለ።

የውድድሩ ቀን በእርሻው የጭነት መኪና፣ የካርቶኑን ትራክተር አቅፈን፣ ገንዳ ውሃ ገባን። ከአብደራፊ የመጣ ቡድን አለ፤ ከሌሎችም እርሻዎች መጥተዋል። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ሰዓቱ እኩለ ቀን አልፏል፤ ጥር ቢሆንም ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። ዳኞቹ ከፊት ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው በእጃቸው ያራግባሉ። ሕዝቡ በየመስኮቱ ሳይቀር ተንጠልጥሏል።

የእኛ ተራ ደረሰ። ጅማሬው ማለፊያ ነበር። ባልና ሚስቱ አቅማዳቸውን ተሸክመው ወጡ፤ ስለ ደጋው፣ ስለ ቆላው አወሩ፤ ሕዝቡ ሳቀላቸው። ከዚያ ባንቺአየሁ ተንገዳገደች። ልምምድ ላይ ስትወድቅ ቀስ ብላ ነበር የምትተኛው። በዚያ ቀን ግን ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሙቀቱ ፊቷን አጥቦታል፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ላቡ በግንባሯ ይወርዳል። ከክራሬ ጀርባ ሆኜ እኔ እንኳ ደነገጥኩ።

"ውሃ" አለች።

ፈንቴ ተንበረከከ። መነሻውን መታሁለት። እሱም ጀመረ፦

ምድሩ እንደ እሳት ሆኖ፣ ሰማዩ ነደደ፣

ቀጣዩን ስንጠብቅ ቆመ። መነሻውን ደግሜ መታሁ። ፈንቴ ወደ እኔ አላየም፣ ወደ ሕዝቡም አላየም። አቅማዳውን ወረወረና ባንቺአየሁን ከመሬት አንስቶ ታቀፋት። ከመድረኩ በደረጃው አልወረደም፣ ዘለለ። በዳኞቹ ጠረጴዛና በሕዝቡ መካከል ሰንጥቆ ወደ በሩ አመራ።

በኋላ "ያመማት መስሎህ ነው?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "ቲያትር እንደሆነ አውቅ ነበር" አለኝ። "እግሬ ነው ያላወቀው።"

ባንቺአየሁ መጀመሪያ በጆሮው "አውርደኝ፣ ኧረ አውርደኝ" እንዳለችው ሁለቱም ይናገራሉ። አላወረዳትም። እሷ ደግሞ ቲያትር በእሷ ምክንያት ተቋርጦ እንዲቀር የምትፈቅድ ሴት አልነበረችም። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ በእቅፉ እንዳለች ቀና ብላ፣ በእሱ ትከሻ ላይ ወደ ሕዝቡ አሻግራ እያየች፣ ማንም ያልጻፈላትን ታወጣው ጀመር፦

ይዘፍናል ስላቸው፣ ታቅፎኝ ሮጠ፣
ከዘፈኑስ ይልቅ፣ ክንዱ ነው የበለጠ።

እናንተ ጎረቤት፣ መንገዱን ልቀቁ፣
ባሏ አይዘፍንም ብላችሁ አትሳቁ።

አዳራሹ በእልልታ ተነሳ። ሕዝቡ በእርግጥም መንገድ ለቀቀ፤ ከዚያ ተከተለ። እኔም ክራሬን ይዤ ተከተልኩ፤ ምን ላድርግ። ጤና ጣቢያው ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ፈንቴ በቀጥታ ወደዚያው። ባንቺአየሁ ትዘፍናለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ እመታለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ይኸ ሁሉ ሲሆን አዛናው ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ምንም አላየም፤ የተዘጋጀው ለሰዓቱ ብቻ ነበር። "ድርርር" እያለ በቀይ ትራክተሩ መድረክ ላይ ሲወጣ ያገኘው አቅማዳና ዳኞች ብቻ ነው። ከዳኞቹ አንዱ በጣቱ ወደ በሩ አመለከተው። አዛናው አላመነታም። በካርቶኑ እንደገባ ከመድረኩ ወርዶ፣ በሩ አላሳልፍ ቢለው ጎን ለጎን ሆኖ አለፈና "ድርርር" እያለ መንገዱን ተሻገረ። ያን ያየ የገንዳ ውሃ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ዳኞቹም ባዶ አዳራሽ ከመጠበቅ ብለው ወጡ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ከፈተ።

"ምን ሆነች?"

"ወባ" አለ ፈንቴ እያለከለከ። ከዚያ ትዝ አለውና "በቲያትሩ ነው" አለ።

ድሬሰሩ ልማድ ሆኖበት ግንባሯን ዳሰሰ። "በቲያትሩም ቢሆን ውሃ ስጧት" ብሎ በጣሳ ውሃ አመጣላት። ባንቺአየሁ ጣሳውን ግጥም አድርጋ ጠጣችው። የካርቶኑ ትራክተር በዚያ ሰዓት ደረሰ፤ አንዱ ጎማው መንገድ ላይ ቀርቷል። አዛናው አንገቱን አውጥቶ የመጨረሻውን ቃሉን ተናገረ፦ "እህታችንን ለማድረስ መጥቻለሁ።"

"ደርሳለች" አለው ፈንቴ።

ከዚያ በኋላ የተነሳው ሳቅ ነው ውድድሩን የጨረሰው። እኛ አላሸነፍንም፤ ቲያትሩ ያለቀው ከአዳራሹ ውጭ ስለሆነ ለማወዳደር እንደማይመች ዳኞቹ ተናገሩ፤ ሽልማቱ ለአብደራፊዎች ሆነ። አብደራፊዎቹ ራሳቸው ግን እስከ መኪናችን ሸኝተውን ሲመለሱ የሚዘፍኑት የባንቺአየሁን ዘፈን ነበር። ጓድ ዘሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እስከ ሽንፋ ድረስ ሲስቅ ሄደ። አዛናው ኋላ ከእኛ ጋር ነበር፤ እየተከፋ መስሎኝ ላጽናናው ስጠጋ እርሳስ አውጥቶ በካርቶኑ ጀርባ ይጽፋል። "ባልየው ይሸከማል፣ ሚስትየዋ ትዘፍናለች" አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። "እንዴት አላሰብኩትም?"

ያ ድራማ ከዚያ በኋላ በየእርሻው ታየ። በሄድንበት ሁሉ ሰዉ የሚጠብቀው ያችን ሰዓት ነው። ፈንቴ ታቅፏት ይወጣል፤ አንዳንዴ ጤና ጣቢያ በሌለበት ወደ ጉድጓድ ውሃ፣ አንድ ጊዜም ወደ አንድ ሻይ ቤት ገብቶ አንገረቡ ላይ፣ የገመድ አልጋው ላይ፣ አስተኝቷታል። ሕዝቡም እየተቀበለ ይከተላል። እንዲህ ሆኖ ፈንቴ በአውራጃው የታወቀ የሙዚቃዊ ቲያትር ተዋናይ ሆነ፤ አንዲት ስንኝ ሳይዘፍን። "አሁንስ ወደድከው?" ሲሉት "አልወደድኩትም። እኔ ሥራዬ መሸከም ነው" ይላል።

በሰኔ፣ እርሻው ለዘር ሲዘጋጅ፣ ፈንቴ ከማሳ ወደ ካምፕ ሲመለስ ባንቺአየሁን መንገድ ላይ አገኛት። እኔ ትራክተሩ ከኋላ በሚጎትተው የተበላሸ የዲስክ ማረሻ ላይ ነበርኩ። ፈንቴ ትራክተሩን አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋውም። ከወንበሩ ሆኖ፣ ድምፁን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጎ፦

"ባንቺአየሁ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ። ምን ትያለሽ?" አላት።

ባንቺአየሁ ወደ ላይ አየችው። የያዘችውን እንስራ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ፤ ፈንቴም ገባው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሞተሩን አጥፋና፣ ናፍጣው እንዳያልቅ፣
መልሴ ሩቅ ነው፣ ቁጭ ብለህ ጠብቅ።

ሞተሩን አጠፋ። እሷም ቀጠለች። በበለሳ ጀመረች፤ ስለ አባቷ ደጅ፣ ስለ መንገዱ፣ መጀመሪያ ስላየችው ሰሊጥ፣ ዘፈን ስላበላሸባት አንድ ሰው። እያንዳንዷ ስንኝ ባለቀች ቁጥር ፈንቴ ቀና ይላል፣ መልሱ መጣ ብሎ። አልመጣም። ከማሳ የሚመለሱ ሠራተኞች ደርሰው ቆሙ፤ መቀበል ጀመሩ። ፈንቴ መሪውን ይዞ ላብ በላብ ሆኗል። የሚያደርገው ነገር ቢኖር በደስታ ባደረገው ነበር፤ ግን ከመስማት በቀር ምንም አልነበረውም። በመጨረሻ፦

ሽማግሌህን ላክ፣ ወደ ወንድሜ ደጅ፣
እኔማ እሺ ካልኩህ፣ ቆይቻለሁ እንጅ።

"እሺ ማለትሽ ነው?" አለ ፈንቴ።

"አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። በአንደበትሽ ንገሪኝ።"

"እሺ" አለች ባንቺአየሁ፣ ድምፅዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ያለ ዜማ። ፈንቴ ከትራክተሩ ወርዶ እንስራዋን አነሳላት።

ሽማግሌ ሆነን የሄድነው አዛናው፣ ጓድ ዘሩና እኔ ነን። በጥር ተጋቡ። በሠርጉ ላይ ሙሽራው ራሱ እያወረደ ጨፈረ፤ ሠርግ የዘፈን ቦታ ስለሆነ ምንም አላሳፈረውም። እናቱ እትዬ ታንጉት "እረፍ እንጅ ልጄ፣ ሙሽራ እኮ ነህ" ቢሉት አልሰማቸውም። የበለሳ ዘመዶቿ ያን ሌሊት ድምፃቸው ተዘግቶ ነው የተመለሱት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። አዛናው ወደ ጎንደር ተዛወረና ሌላ ቡድን ያዘ። የእኛም ቡድን እየሳሳ ሄደ። ከጎንደር ወይም ከሌላ ቦታ ሙዚቃዊ ቲያትር በመጣ ቁጥር ግን ባንቺአየሁ አትቀርም፤ ፈንቴም አብሯት ይሄዳል። በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ተዋናዮቹ ሲነጋገሩ አንገቱን አስግጎ ይሰማል፤ አኮርዲዮኑ ሲነሳ ውልቅ ብሎ ሐቢባ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ይገባል። ሐቢባ ሙዚቃውን ስትሰማ የሚወደውን የከርከዴ ሻይ መቅዳት ትጀምራለች። ዘፈኑ ሲቆም ብርጭቆውን አስቀምጦ ይመለሳል፣ ሚስቱም ያመለጠውን በሹክሹክታ ትነግረዋለች። እንዲህ እየተቀባበሉ አንዱንም ቲያትር ሳያዩት አልቀሩም።

ልጃቸው ጸዳለ አፏን የፈታችው በዘፈን ነው ማለት ይቻላል። አራት ዓመት ሲሆናት የምትፈልገውን ሁሉ በዜማ ነበር የምትጠይቀው። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ገብቼ ከፈንቴ ጋር ስናወራ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ውሃ እንደጠማት፣ ጣሳው ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ፣ እጇ እንደማይደርስ፣ በረጅሙ ታወጣው ጀመር። ፈንቴ ሁለተኛው ስንኝ ሳይደርስ ብድግ ብሎ ጣሳውን አወረደላት።

"ቶሎ ከሰጠኋት ቶሎ ታቆማለች" አለኝ ሲቀመጥ።

ጸዳለ ጠጥታ ጣሳውን መለሰችና ስለ ቁራሽ ዳቦ አዲስ ዜማ ጀመረች። ፈንቴም ተነሳ።